በአስተርጓሚ የተገኘ ድል

በካርታ ሥራ ቤቱ ውስጥ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ካልሲውን ያያል። እታች ያለውን የሰርቨር ክፍል የሚጠብቀው ሰው፣ አለቃም ይምጣ እንግዳ፣ ጫማ ሳያስወልቅ አያስገባምና። ካልሲው የተቀደደበት ጉዳዩን በስልክ ይጨርሳል፤ በስልክ የማያልቅ ከሆነም ካልሲው ደህና የሆነ ባልደረባ ይልካል። ደንቡ በየትም አልተጻፈም። ሰውየው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ኮምፒውተር እንደ ሙሽራ በጨርቅ ተሸፍኖ በሚያድርበት በዚያ ዘመን፣ ሙያውን ያስተማሩት መምህር በር ላይ ቆመው ተማሪዎቻቸውን ጫማ ያስወልቁ ነበር። "አቧራ የማሽን ምች ነው" ይሉ ነበር። መምህሩ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ የዛሬዎቹ ማሽኖችም እንደ ድሮዎቹ ሆደ ባሻዎች አይደሉም። እሱ ግን ወደዚያ ክፍል ሌላ አገባብ አያውቅም።

"ደገኛው" ነው የሚሉት። የሰርቨሩ ክፍል ቀን ከሌት በማቀዝቀዣ ስለሚነፍስ፣ ውጭ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ወራት እንኳ ሰውየው በወፍራም ሹራብ ተጀቡኖ ነው የሚታየው። እላይ በካርታ ነዳፊዎቹ አዳራሽ ሰው ሁሉ በረቂቅ ወረቀት እያራገበ ሲሠራ፣ እሱ አፍንጫው ቀልቶ፣ እጁን እያፋተገ ከደረጃው ብቅ ይላል። ያን ጊዜ፣ ደረጃ ወጥቶ የመጣውን ሰው፣ "ደገኛው ቆላ ወረደ" ይሉታል። እሱም ይስቃል። ቀልዱ ያረጀ ቢሆንም፣ በእሱ ላይ የተቀለደ ሌላ ቀልድ ስለሌለ ይወደዋል።

እላይ ያሉትን የነዳፊዎች ኮምፒውተሮች የሚንከባከበው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። እሱን ደግሞ "ቶሎ" ይሉታል፤ ሲጠሩት "ቶሎ መጣሁ" ማለት ልማዱ ነው፤ ደግሞም ይመጣል። የቶሎ ጠረጴዛ መስኮት ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ አበባ አለ፤ ማን እንደሚያመጣለት አይታወቅም፤ ደገኛው ግን ማንም ሳይጠይቀው ግማሹን አዳራሽ ጠርጥሯል። ነዳፊዎቹ ኮምፒውተራቸው ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ ቶሎን ይጠሩታል፣ ለጨዋታ። ደገኛውን የሚጠሩት ግን ሰርቨሩ ሲቆም ብቻ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ በደገኛው እጅ አይቆምም፤ ስለዚህ ሥራውን ባሳመረ ቁጥር የሚጠራው ሰው እያጣ ሄደ።

ነገሩ የጀመረው በሥራ ቤት አይደለም። ልጆች ሳሉ ደገኛው ታናሹን በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደርሰው ነበር። የመማሪያ መጻሕፍቱንም በጋዜጣ ለብጦ፣ ጥጋቸው እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ፣ በውስጣቸው ያሉትን ሥዕሎች በጣቱ እንኳ ሳይነካ ዓመቱን ያስጨርሳቸውና ለታናሹ ያወርሳቸው ነበር። አንድ ቀን ወንድሙን ሊወስድ መጥቶ በክፍሉ በር ሲጠብቅ፣ አስተማሪዋ ያንን በጋዜጣ የተለበጠ የሒሳብ መጽሐፍ ከፍ አድርገው ይዘው፣ "መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ልጅ የተባረከ ነው፤ አጨብጭቡለት" ሲሉ ሰማ። ክፍሉ አጨበጨበ። ታናሹም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ደገኛው ያን ዕለት ወንድሙን ወደ ቤት ሲመልሰው አልተሸከመውም። ታናሹ ግን ነገሩ አልገባውምና መንገዱን በሙሉ እየዘለለ፣ የወንድሙን እጅ እያወዛወዘ ተመለሰ።

ሲያድግ ወደዚህ ሥራ ቤት ያስገባውም ደገኛው ራሱ ነው። የካቻቢቴ አያያዝ አሳየው፤ የማሽኑን ሆድ ዕቃ ከመንካቱ በፊት ብረት ነክቶ ከሰውነቱ ኤሌክትሪክ ማራገፍ እንዳለበት አስተማረው፤ ማራገቢያው በሚያሰማው ድምፅ የማሽኑን ሕመም መለየት አለማመደው። ታናሹ አንዴ ያየውን የማይረሳ ነበር። ፍጥነቱ መጀመሪያ ደገኛውን አስደሰተው፤ ቆይቶ አሳሰበው፤ ከዚያ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ቤትም ያው ነው። ደገኛው ሳያገባ ቀርቷልና ከእናታቸው ጋር የሚኖረው እሱ ነው። መድኃኒታቸውን የሚገዛ እሱ፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚወጣ እሱ፣ የጠፋውን መነጽር ከትራስ ሥር ፈልጎ የሚያገኝ እሱ። ቶሎ ሚስትና ልጆች አሉት፤ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። እናቲቱ የበሩን ድምፅ ሲሰሙ፣ "ልጄ መጣ" ብለው ከወንበራቸው ይነሣሉ። ሳምንቱን ሙሉ አጠገባቸው የተቀመጠው ደገኛው ይህን ሲሰማ፣ እጁ ላይ ያለውን ነገር፣ ጋዜጣም ይሁን ብርጭቆ፣ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል።

እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው የሥራ ቤቱ ኃላፊ፣ ማሽኖቹ ሁሉ አርጅተዋልና ይለወጡ ያለችው። ኃላፊዋ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። "የነዳፊዎቹም ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሩም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለወጡ፤ ፕሮሰሰራቸውም የአንድ ዘር ይሁን" አለች። "ሁለት ዓይነት መለዋወጫና ሁለት ዓይነት ጭቅጭቅ አልፈልግም።"

የጭቅጭቁ ምንጭ ግን እዚያው ንግግሯ ውስጥ ነበር። ፕሮሰሰር ትእዛዝ ሰምቶ የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው፤ በትእዛዝ አሰማሙም ሁለት ትልልቅ ዘሮች አሉ። አንደኛው፣ ሥራ ቤቱ ከጥንት ጀምሮ የኖረበት፣ ረጃጅም ትእዛዝ የሚሰማ ነው። "ቤቱን አሰናዳ" ሲሉት መጥረጉንም፣ ውሃ መርጨቱንም፣ ወንበር መደርደሩንም ራሱ ዘርዝሮ ይሠራል። ጉልበተኛ ነው፤ የሥራ ቤቱ የቆዩ ፕሮግራሞችም ሁሉ የተጻፉት በእሱ ቋንቋ ነው። ነገር ግን ሲሠራ ይሞቃል፤ መብራት ይበላል፤ ማራገቢያውም የሰው ወሬ እስከማያሰማ ይጮኻል። ሁለተኛው ዘር አጫጭር ትእዛዝ ነው የሚሰማው፤ "ጥረግ"፣ "እርጭ"፣ "ደርድር" እየተባለ። እያንዳንዷን በቅጽበት ያጠናቅቃል፤ አይሞቅም፤ መብራቱንም እንደ ወፍ ነው የሚቀምሰው። ድሮ በኪስ ስልክ ውስጥ ብቻ ይኖር የነበረው ይህ ዘር አሁን አድጎ ከትልልቆቹ ጋር ትከሻ መለካካት ጀምሯል።

የአንዱ ቋንቋ ለሌላው አይገባም። ለቀድሞው ዘር የተጻፈ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ሲጫን፣ ማሽኑ በመካከል አስተርጓሚ ያስቀምጣል። ሥራው ይሠራል፤ ግን ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይባላል፤ ማሽኑም የራሱን ፍጥነት ያጣል።

ቶሎ ልቡ ከአዲሱ ዘር ጋር ነበር። ደገኛው ደግሞ ከቀድሞው። ለደገኛው ነገሩ የፕሮሰሰር ብቻ አልነበረም። አዲሱ ዘር ከተመረጠ ሰርቨሩም አንዲት ዝምተኛ ሣጥን ትሆናለች፤ ዝምተኛ ሣጥን ደግሞ ብርድ ክፍል አያስፈልጋትም፤ እላይ የቶሎ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ምድር ቤቱ የወረቀት መጋዘን ይሆናል። እሱም በስተርጅና ታናሽ ወንድሙ ጥላ ሥር ወንበር ይለምናል። ይህ ሐሳብ በመጣበት ቁጥር ሹራቡን እስከ አንገቱ ይቆልፋል።

"ሥራው ይፍረድ" አለች ኃላፊዋ። "ዓርብ ጠዋት ሁለታችሁም ያመናችሁበትን ማሽን አዳራሹ ውስጥ አቅርቡ። ከአየር የተነሡትን የወንዙን ሸለቆ ፎቶግራፎች ሰፍቶ አንድ ካርታ ማድረግ ነው። ቀድሞ የጨረሰውን እንገዛለን።"

ዓርብ ጠዋት ነዳፊዎቹ ሥራቸውን ትተው ሁለቱን ጠረጴዛዎች ከበቡ። ከፊት የተቀመጡት ካርታ ላይ ወንዝ በመሣል ያረጁት ሴትዮ ናቸው፤ ሁሉም "እትዬ ወንዝ" ይሏቸዋል።

"እኔ ለማናቸውም አላጨበጭብም" አሉ እትዬ ወንዝ። "ሁለቱም ነገ ኮምፒውተሬን የሚነኩ ሰዎች ናቸው።"

"ጋሼ፣ ሹራብህን አውልቅ እንጂ" አለ ቶሎ፣ አዲሲቷን ትንሽ ማሽን እየሰካ። "እዚህ በረዶ የለም።"

"አንተ ለራስህ አስብ። ያቺ ሣጥንህ ብርድ እንዳይመታት።"

"እሷስ አይመታትም። ያንተው ሲነሣ ግን መስኮቱን ዝጉልን፤ አውሮፕላን አለመሆኑን ውጭ ያለ ሰው አያውቅም።"

አዳራሹ ሳቀ። እንደተለመደው በቶሎ ቀልድ ነበር የተሳቀው፤ ደገኛው ይህንንም አልሳተውም።

ሁለቱም ፕሮግራሙን ከፈቱ። ይህ የፎቶግራፍ መስፊያ ፕሮግራም ሲከፈት መጀመሪያ አንድ ተራራ ያሳያል። ለቀድሞው ዘር የተዘጋጀው ቅጂ ሰማያዊ ተራራ አለው፤ ለአዲሱ ዘር የተዘጋጀው አረንጓዴ። በደገኛው ማሽን ላይ ሰማያዊው ተራራ ወጣ፤ ልክ ነው። ደገኛው ወደ ወንድሙ ማሽን አንገቱን መለስ አደረገ። እዚያም የወጣው ሰማያዊ ተራራ ነበር።

ነገሩ ወዲያው ገባው። ቶሎ በጥድፊያ የድሮውን ቅጂ ጭኗል። ያቺ ፈጣን ማሽን አሁን በአስተርጓሚ ልትሠራ ነው፤ ከከበቧቸው ሰዎች መካከል ይህን የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም የለም። ሊነግረው አፉን ከፈት አደረገ።

ቶሎ ቀና ብሎ አየው። "ምነው ጋሼ?"

"ምንም" አለ ደገኛው። "ቀጥል።"

ሥራው ተጀመረ። የደገኛው ማሽን እንደተባለው ጮኸ፤ ሞቀ፤ ጠርዝ ለጠርዝ የተደራረቡት ፎቶግራፎችም እንደ ጥልፍ እየተያያዙ መጡ። የቶሎ ማሽን ዝም ብላ፣ ግን እየተንፏቀቀች ተከተለች። የሻይ ሰዓት ሳይደርስ የደገኛው ካርታ ተሰፍቶ አለቀ፤ የቶሎ ገና የወንዙን መታጠፊያ አላለፈም ነበር።

የደገኛው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ የናፈቃት ነገር ይህች ነበረች፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ ታናሹን አንድ ጊዜ መቅደም። አንገቱን ቀና አድርጎ ጭብጨባውን ጠበቀ። ጭብጨባውም መጣ። ነገር ግን ቶሎ ወዲያው ተነሣና፣ "ያስተማረኝ እሱ አይደል፤ መምህርን ማን ይቀድማል" ብሎ ወንድሙን በሁለት እጁ አቅፎ ግንባሩን ሳመው። በዚህ ጊዜ ዓይን ሁሉ ከአሸናፊው ተነሥቶ ተሸናፊው ላይ ዐረፈ። "እንዲህ ነው ወንድም" አሉ እትዬ ወንዝ። አንዷ ነዳፊ ለቶሎ ሻይ አመጣችለት። ደገኛው ማሽኑን ነቅሎ፣ ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ ወደ ታች ሲወርድ፣ ሻይ ትጠጣለህ ወይ ያለው ሰው አልነበረም።

ቢሆንም አሸንፏል። ቅዳሜን በዚህ ተጽናንቶ አሳለፈ። የተሰረቀ ድል መሆኑን ያውቃል፤ የሰረቀው ግን እሱ ራሱ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ዝም ለማለት የደፈረው እሱ ነው። እንዲያው ሲያስበው ይህ ድፍረት ራሱ ትንሽ ያኮራው ነበር።

እሑድ ቶሎ ብርቱካኑን ይዞ መጣ። "ልጄ መጣ" ተባለ። ምሳ ተበላ። ከምሳ በኋላ የግቢው በር ማጠፊያ ይንጫጫል ብሎ ቶሎ ዘይት ይዞ ወጣ፤ ደገኛውም ከእናቱ ጋር ቀረ። እናቲቱ ብርቱካን እየላጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"የሥራችሁ ነገር እንዴት ሆነልህ?" አሉት።

"አሸነፍኩ።"

"ተመስገን። ቃሉን ጠበቀ በለኛ።"

"ማን? የምን ቃል?"

እናቲቱ ብርቱካኑ ላይ አቀረቀሩ። "አይ፣ እኔ ምን አውቅልሃለሁ።"

"እማዬ፣ የምን ቃል ነው?"

"ፊትህ እንደዚያ ጠቁሮ ሳይህ ሆዴ አልችል ቢለኝ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ያን ሰሞን ለታናሽህ፣ 'ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ ይህችን ነገር ለወንድምህ ልቀቅለት፤ አንተ ሌላ ብዙ አለህ' አልኩት። 'እሺ እማዬ፣ መላ አለው' አለኝ። ምነው፣ ክፉ አደረግሁ?"

"አንተ ሌላ ብዙ አለህ" የምትለዋ ቃል ወደ ደገኛው ሆድ ወርዳ፣ እዚያ ከነበሩት ሁሉ ቦታ የተሻለውን ይዛ ተቀመጠች። ያ ሰማያዊ ተራራ ስህተት አልነበረም። ቶሎ ቀና ብሎ "ምነው ጋሼ?" ያለው ወንድሙ እንዳወቀበት አይቶ ኖሯል። ሰረቅሁ ብሎ የኮራበት ነገር የተሰጠው ሆኖ ተገኘ። ከግቢው የቶሎ ፉጨት ይሰማ ነበር፤ በሩም ከእንግዲህ አይንጫጫም። ያን በር ዓመቱን ሙሉ እሠራዋለሁ ሲል የከረመው ደገኛው ነበር።

"ብላ እንጂ" አሉ እናቲቱ፣ ፍልቃቂ ብርቱካን እያቀረቡለት።

"ጠግቤያለሁ" አለ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ ራሷ ወደ ምድር ቤት ወረደች። በር ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀዝቃዛው ወለል ላይ በካልሲዋ፣ በእግር ጣቶቿ እየቆመች ገባች።

"የግዢውን ትእዛዝ ዛሬ ልሰጥ ነው" አለች። "እንደ ውጤቱ፣ ሁሉም የቀድሞው ዘር ይሆናል። መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገርዎ ብዬ ነው።"

ደገኛው ከማሽኖቹ ፊቱን ሳይመልስ፣ "ፈተናው ይደገም" አለ።

"ምን ጎደለ?"

"የወንድሜ ማሽን በአስተርጓሚ ነው የሠራችው። የተጫነባት ቅጂ የእሷ አልነበረም። በጥድፊያ ተሳስቷል።" ይህቺን የመጨረሻዋን ሲናገር ምላሱ ላይ እንደ ማር ጣፈጠችው።

"መቼ አወቁ?"

"ተራራው እንደወጣ።"

"ያኔ ለምን አልተናገሩም?"

"ማሸነፍ ፈልጌ።"

"አሁንስ?"

ስለ እውነት ስል ነው ማለት ይችል ነበር። ቃሉ ያምር ነበር፤ ኃላፊዋም ታምነው ነበር። እሱ ግን ማራገቢያዎቹን እያዳመጠ ቆየና፣ "አሁንም ማሸነፍ ፈልጌ ነው" አለ።

ኃላፊዋ ሳቅም ቁጣም ቃጣት። በመጨረሻ ሁለቱንም ትታ፣ "ብርድ ገደለኝ፤ እንግዲያው ረቡዕ ይደገማል" ብላ ጫማዋን ልታጠልቅ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ቶሎ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። በሩን ከፍቶ ከነጫማው ገባ። ክፍሉ በማራገቢያ ጩኸት የተሞላ ስለሆነ እዚያ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው፤ ጠብ ላለው ሰው ይህ ምቹ ነበር።

"ጫማህን" አለ ደገኛው፣ ከሁሉ በፊት።

"ጫማዬን ተወው። ኃላፊዋ ፊት ያልተማረ አስመሰልከኝ። 'በጥድፊያ ተሳስቷል'? እኔ?"

"ታዲያ አውቆ ነው ያደረገው ልበላት?"

"እማዬ ነገረችህ" አለ ቶሎ።

"እኔ ቅናተኛ ነኝ" አለ ደገኛው። ቃሉን በራሱ አፍ ሲናገር ይህ መጀመሪያው ነበር፤ ከጩኸቱ በላይ ለመሰማት ደግሞ አፉን ሞልቶ መጮህ ነበረበት። "ለማኝ ግን አይደለሁም። ተራራውን አይቼ ዝም ብዬሃለሁ። ልሰርቅህ ነበር። አንተ የሚሰረቅ ነገር እንኳ አልተውክልኝም።"

ቶሎ ሊቆጣ መጥቶ ሳቁ አመለጠው። "እንዲህ ያለ ክስ ሰምቼ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"በሬንስ ዘይት ቀባህ።"

"እሱም ጥፋት ሆነ?"

"'ልጄ መጣ' ትልሃለች።"

ይህን ለማለት አላሰበም ነበር፤ ወጣ። ቶሎ ሳቁን አቆመ። "እንግዳ ስለሆንኩ ነዋ" አለ። "የጎረቤት ሰው ሲመጣም ትነሣለች። ስልክ በደወልኩ ቁጥር፣ ወንድምህ እንዲህ አለ፣ ወንድምህ እንዲህ ሠራ ስትለኝ ነው የምታመሸው። ያንተን ወሬ መስማት ሰልችቶኛል።"

ደገኛው አላመነውም። ይህንንም ሊያጽናናኝ ፈልጎ የፈጠረው ነው ብሎ ጠረጠረ። ቢሆንም ወሬው ሲወራ አልጠላውም፤ ትንሽ ይቀጥልበት ይሆን ብሎ ጠበቀ። ቶሎ ግን ወለሉ ላይ ያተመውን የጫማውን ዱካ አየና፣ ከመደርደሪያው ጨርቅ አንሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ እየጠረገ ወደ ኋላው ወጣ።

ረቡዕ ፈተናው ተደገመ። በዚህ ጊዜ በቶሎ ማሽን ላይ አረንጓዴው ተራራ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን መተረክ ለደገኛው ከባድ ነው። ትንሿ ሣጥን የወንዙን ሸለቆ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ገለጠችው። የደገኛው ማሽን ገና እያገሳ ፎቶግራፎቹን ሲያገጣጥም፣ እሷ ጨርሳ፣ ቀዝቅዛ ተቀምጣ ነበር። እትዬ ወንዝ እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው፣ "ላብ እንኳ አላላባትም" አሉ።

"ይህ የነዳፊ ሥራ ነው" አለ ደገኛው፣ ጥርሱን ነክሶ። "የሰርቨር ሥራ ሌላ ነው። እሱም ይታይ።"

ታየ። ነዳፊዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሰርቨሩ ውስጥ ካለው ማኅደር የድሮ ካርታዎች እንዲጠይቁ ተደረገ። ማኅደሩን የሚያገላብጡት ፕሮግራሞች ደገኛው በወጣትነቱ የጻፋቸው ናቸው፤ ለአዲሱ ዘር የተዘጋጀ ቅጂ የላቸውም። ትንሿ ሣጥን ሁሉንም በአስተርጓሚ ልታስተናግድ ታገለች፤ ሚሞሪዋም ለዚያ ሁሉ ጠያቂ አልበቃም። መልስ እያዘገየች፣ ጥቂት ቆይታ ጨርሶ ዝም አለች። የቀድሞው ዘር ግን እያጉረመረመም ቢሆን ሁሉንም አስተናገደ።

"ስለዚህ ለነዳፊዎቹ አዲሱ ዘር፣ ለሰርቨሩ ለጊዜው የቀድሞው" አለች ኃላፊዋ። "ለጊዜው ነው ያልኩት። ትልቅ ሚሞሪ ያላቸው የአዲሱ ዘር ሰርቨሮች አሉ፤ እኛን የያዙን የማኅደሩ ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው። እነሱ ለአዲሱ ዘር ተስተካክለው ሲጻፉ ምድር ቤቱን እንዘጋለን። ቶሎ፣ ይህን ሥራ አንተ ትይዘዋለህ?"

ቶሎ ወደ ወንድሙ ተመለከተ።

ደገኛው በዓይነ ልቡናው አየው። ወንድሙ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ አበባው ጎን፣ ደገኛው በወጣትነቱ አንድ በአንድ የጻፋቸውን ትእዛዛት ሲገልጥ፣ ሲያሳጥር፣ ሲያሳምር፤ አዳራሹም "ቶሎ እኮ ነው ያስተካከላቸው" ሲል። ከክፍሉ መዘጋት ይልቅ ይህ አቃጠለው።

"እኔ እሠራዋለሁ" አለ።

"ክፍልዎን የሚያዘጋ ሥራ መሆኑ ገብቶዎታል?" አለች ኃላፊዋ።

"ገብቶኛል። ማንም አይነካቸውም፤ እኔ እሠራዋለሁ። የአዲሱን ዘር ቋንቋ ግን አላውቅም።"

"እኔ አሳይሃለሁ፣ ጋሼ" አለ ቶሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ስለዚህ ደገኛው ወንበሩን ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። መስኮት ሥር፣ ከታናሹ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠ። ሙቀቱ ስላላስቻለው ሹራቡን አወለቀ፤ ከሥሩ የለበሰውን ባለ መስመር ሸሚዝ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ እትዬ ወንዝ መነጽራቸውን አድርገው በደንብ አዩት። ቶሎ የአዲሱን ዘር ጠባይ አስረዳው፤ ትእዛዙ እንዴት እንደሚያጥር፣ ብዙ ሥራ እንዴት ለብዙ እጅ እንደሚከፋፈል። ደገኛው ሰማ፤ ጠየቀ፤ ያልገባውን ደግሞ ጠየቀ። ወንድሙ በሚያስረዳበት ጊዜ ትዕግሥተኛ መሆኑ ራሱ ያናድደው ነበር።

"አሁን ተወኝ" አለው። "ብሳሳትም አትንገረኝ። ስህተቴን ራሴ ላግኘው።"

"እሺ።"

የመጀመሪያውን ፕሮግራም ጽፎ አስነሣው፤ እምቢ አለ። እንደገና አስነሣው፤ እምቢ አለ። ቶሎ አጠገቡ ሆኖ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ አንዳንዴ ዓይኑን ወደ ወንድሙ ስክሪን ያሻግርና መልሶ ይሰበስበዋል። ሰዎች ለምሳ ወጥተው ተመለሱ። ደገኛው መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ በመጨረሻ አገኛት፤ ለሁለት እጅ የተሰጠ አንድ ሥራ ነበር፤ ሁለቱም አንዱን ነገር እኩል ሊያነሡ እየተጋፉ። ለያያቸው። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ያለ አስተርጓሚ፣ የድሮውን ካርታ ከማኅደሩ አውጥቶ ስክሪኑ ላይ ዘረጋው።

ደገኛው ወደ ወንድሙ ዞረ። "አውቀሃት ነበር?"

"አውቄያት ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ቶሎ ጥቂት አመነታ። "ከጠዋት ጀምሮ።"

"ታዲያ ዝም አልከኝ።"

"አትንገረኝ ብለኸኝ አይደል?"

ከጠዋት ጀምሮ። ደገኛው ቅናቱ እንደለመደው ከሆዱ ተነሥቶ ሲመጣ ተሰማው፤ ወንድሙ አንድ ጊዜ በጨረፍታ ያየውን እሱ ግማሽ ቀን ፈልጎታል። ተወው፣ ይምጣ። አልደበቀውም፤ አልተጣላውምም። ወንበሩን ትንሽ ወደ መስኮቱ ገፋ አድርጎ፣ "በል ጥላህን አንሣልኝ፤ ብርሃኑን ከለከልከኝ" አለና ሁለተኛውን ፕሮግራም ከፈተ።